ምድር ሲዞር፣ ጆሮ ሲከዳ፦ ከሜኒየር በሽታ ጋር እንዴት እንደሚኖር

መጀመሪያ የጣለኝ ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ መንገድ ዳር ነው። ጠዋት ወደ ሥራ እየሄድኩ ነበር። ግራ ጆሮዬ ከማታው ጀምሮ ጥጥ እንደተወተፈበት ደፍኖኛል። ውስጡ እንደ ሩቅ ወፍጮ ይጮሃል። ድንገት አስፋልቱ ወደ ጎን ተገለበጠ። የሰው አጥር ላይ ተለጥፌ ተቀመጥኩና የባሕር ዛፉን አጣና በሁለት እጄ ጨበጥኩት። ዓይኔን ብጨፍንም ይዞራል፣ ብገልጥም ይዞራል። ቁርሴን እዚያው አስታወክሁት። አንድ መንገደኛ «በዚህ ጠዋት ጠጥቶ!» ብሎ ሲያልፍ በቀኝ ጆሮዬ ሰማሁት።

ከዚያ በኋላ ብዙ ተንከራተትኩ። አንዱ ቦታ ደም ማነስ ነው ተባልኩ። ሌላው ቦታ ታይፎይድ ነው ተባለና መርፌ ታዘዘልኝ። ጎረቤት ደግሞ የሰው ዓይን ነው አለ። በሽታው ስሙን እስኪያገኝ ድረስ ብዙ ጊዜና ገንዘብ ሄደ። ይህን የምጽፈው እናንተ ያን ያህል እንዳትንከራተቱ ነው። ማዞሩ መቼ እንደሚመጣ መወሰን አንችልም። ሲመጣ ግን ገደል አፋፍ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ እንዳያገኘን ማድረግ እንችላለን። አብዛኛው የዚህ መመሪያ ክፍል ስለዚያ ነው።

በሽታው ምንድን ነው?

የውስጠኛው ጆሮ ከታምቡሩ ጀርባ፣ አጥንት ውስጥ የተቀበረ ነው። ሁለት ሥራ አለው። እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለው ክፍል ድምፅ ይሰማል። ሌላው ክፍል፣ ሦስቱ ቀለበቶች ያሉበት፣ የጭንቅላታችንን እንቅስቃሴ ይለካል። ሁለቱም ክፍሎች ውስጥ አንድ የጋራ ፈሳሽ አለ። በሜኒየር በሽታ ይህ ፈሳሽ ይበዛና ክፍሎቹን ይወጥራቸዋል። የታመመው ጆሮ ለአንጎል «እየዞርን ነው» ይለዋል፣ ጤነኛው «ኧረ ቆመናል» ይለዋል። ማዞሩ የዚህ ውጤት ነው። የመስማት ችግሩም አብሮ የሚመጣው ቤቱ አንድ ስለሆነ ነው።

ስሙን ያገኘው ከፈረንሳዊው ሐኪም ፕሮስፐር ሜኒየር ነው። እሱ በ1861 እ.ኤ.አ. እንዲህ ያለው ማዞር ከጆሮ ሊመጣ እንደሚችል እስኪያሳይ ድረስ ለሐኪሞች የአንጎል በሽታ ይመስላቸው ነበር። በብዛት የሚጀምረው ከ40 እስከ 60 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ጆሮ ይጀምራል። በአንዳንድ ሰው ላይ ከዓመታት በኋላ ሁለተኛውንም ይነካል።

1. የእናንተ ማዞር የትኛው እንደሆነ ለዩ

«ማዞር» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። ስለዚህ ሰዓት ተመልከቱ።

ከተቀመጣችሁበት ስትነሱ ዓይናችሁ ጭልም ብሎ ወዲያው ከተመለሰ፣ ያ መዞር ሳይሆን መጨለም ነው። ደም ግፊት፣ ውሃ ጥም ወይም ደም ማነስ ሊሆን ይችላል። አልጋ ላይ ስትገላበጡ ወይም ቀና ስትሉ ለሰከንዶች ብቻ የሚያዞር ከሆነና መስማታችሁ ደህና ከሆነ፣ ብዙ ጊዜ የውስጠኛው ጆሮ ጥቃቅን ጠጠሮች ከቦታቸው ተንሸራተው ነው። ይሄ የሠለጠነ ባለሙያ ጭንቅላታችሁን በተራ ወደተለያየ አቅጣጫ በማዞር ብቻ በደቂቃዎች ውስጥ ሊያስተካክለው የሚችል ነው። ከጉንፋን በኋላ ያለማቋረጥ ለቀናት የሚያዞርና መስማትን የማይነካ ከሆነ ደግሞ የሚዛን ነርቭ መቆጣት ይሆናል።

ሜኒየር የሚጠረጠረው እንዲህ ሲሆን ነው፦ ማዞሩ ከ20 ደቂቃ እስከ 12 ሰዓት ይቆያል። ሁለትና ከዚያ በላይ ጊዜ ተመላልሷል። በአንድ ወገን ጆሮ ይደፈናል፣ ይጮሃል፣ መስማት ይቀንሳል። በተለይ ወፍራም ድምፅ ይጠፋል። ማዞሩ ሲያልፍ መስማቱ መጀመሪያ ላይ ይመለሳል፣ እየቆየ ግን የማይመለስ ይሆናል።

እኛ አገር አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። ከደብረ ብርሃን ወደ ደብረ ሲና ስትሄዱ፣ የጣርማ በርን ዋሻ አልፋችሁ ቁልቁለቱን ስትያያዙት የማንም ጆሮ ይደፈናል። ምራቅ ስትውጡ ወይም ስታዛጉ ይከፈታል። ያ በመካከለኛው ጆሮ ያለ አየር ነው። የሜኒየር መደፈን ግን ብታዛጉም አይከፈትም፣ አፍንጫ ይዞ መንፋትም አይከፍተውም። እኔ ለወራት «ቁልቁለቱ ነው» እያልኩ ራሴን ሸንግያለሁ።

አሁን የሚቀጥለውን በደንብ ያዙልኝ። ከማዞሩ ጋር አፍ ከተጣመመ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ አንድ እጅ ወይም እግር ከዛለ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ ከታየ፣ ከዚህ በፊት የማታውቁት ከባድ ራስ ምታት ከመጣ ወይም ጭራሽ መቆም ካቃታችሁ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ስትሮክ ሊሆን ይችላል። ማዞር ባይኖርም አንድ ጆሮ በሰዓታት ወይም በሁለት ሦስት ቀን ውስጥ ድንገት መስማት ካቆመ፣ እሱም አስቸኳይ ነው። ስቴሮይድ የሚባለው መድኃኒት የሚጠቅመው በተለይ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ ሲጀመር ነው። መግል የሚወጣው ጆሮ ማዞር ከጀመረም አትቆዩ።

2. ደብተር ያዙ

ሐኪም ፊት ስትቀመጡ ማዞሩ የለም። ደህና ትመስላላችሁ። ስለዚህ ወረቀቱ ይናገርላችሁ። ከኔ ደብተር አንድ ቀን ልገልብጥላችሁ፦

«ጥቅምት 12። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተኩል ቀሰቀሰኝ። ግራ ጆሮ ከማታው 2 ሰዓት ጀምሮ ደፍኖ ነበር። ለ2 ሰዓት ከሩብ ያህል ዞረ። 4 ጊዜ አስታወከኝ። አልወደቅሁም፣ ራሴን አልሳትኩም። ማታ ክርስትና ቤት ነበርን፣ ቋንጣ ፍርፍር በልቻለሁ። ጠዋት ስልክ በግራ አይሰማም፣ ማታ ላይ ትንሽ ተመለሰ።»

በቃ ይኸው ነው። ቀን፣ ሰዓት፣ ስንት ቆየ፣ የትኛው ጆሮ፣ ምን ቀደመው። መጻፍ የማይችሉ እናቶችና አባቶች ካሉ ልጅ ይጻፍላቸው። አንገት በላይ (የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ) ሐኪሙ ከምንም በፊት ያነበበው ይህን ደብተር ነው። የስልክ ካሜራ ካላችሁ፣ በማዞሩ መሃል ዓይናችሁን የሚቀርጽ ሰው አዘጋጁ። ብሌኑ ወደ አንድ ጎን ሲዘል ይታያል፣ ለሐኪሙ ትልቅ መረጃ ነው።

3. ወደ ምርመራ ሂዱ

የማኅበረሰብ ጤና መድን ካላችሁ ከጤና ጣቢያ ጀምራችሁ ሪፈር እያጻፋችሁ ሂዱ። ወረቀቱን ዘላችሁ ከሄዳችሁ ወጪው በናንተ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የምትፈልጉት አንገት በላይ ሐኪም ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ካልተገኘ አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ጥቁር አንበሳና ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታሎች አንገት በላይ ክፍል አላቸው። ዋናው ምርመራ የመስማት ልኬት ነው። በጆሮ ማዳመጫ ቀጭንና ወፍራም ድምፅ እያሰሙ የምትሰሙትን በወረቀት ይስላሉ። ያን ወረቀት አትጣሉት፣ በሚቀጥለው ዓመት ከሚሠራው ጋር ይነጻጸራል። ሐኪሙ ሌላ ነገር ከጠረጠረ ኤምአርአይ የሚባለውን የጭንቅላት ምስል ያዝዛል። በመንገድ ላይ ብቻችሁን አትሂዱ። ሚኒባስ ውስጥ ፊት ለፊት፣ መንገዱ በሚታይበት ወንበር ተቀመጡ።

4. ማዞሩ ሲመጣ

ባላችሁበት ቁጭ በሉ፣ ከዚያ ተኙ። «እስከ ቤት ልድረስ» አትበሉ፣ ሰው የሚሰበረው በዚያች መንገድ ላይ ነው። ጭንቅላታችሁን አታንቀሳቅሱ። የማይንቀሳቀስ አንድ ነገር መርጣችሁ ተመልከቱ፣ የግድግዳ ምስማር ይሁን የበር እጀታ። ካስታወካችሁ በጎን ሁኑ። ውሃ በትንሽ በትንሹ ተጎንጩ። ሐኪም ያዘዘው የማዞር መድኃኒት ካለ በመጀመሪያው ምልክት ላይ ውሰዱ፣ ማስታወኩ ከጀመረ በኋላ ክኒን ሆድ ውስጥ አይቆይም። ሲያልፍ እንቅልፍ ይጥላል፣ ተኙ። ስትነሱ መጀመሪያ ተቀመጡ፣ ጥቂት ቆዩ፣ ከዚያ የሚያዝ ነገር ይዛችሁ ቁሙ።

ለቤተሰብ አንድ ቃል። ይሄ የሚጥል በሽታ አይደለም። ሰውዬው ነፍሱን ያውቃል። ክብሪት አፍንጫው ስር አታጭሱበት። ውሃ አትርጩበት፣ አታንሱት፣ አትነቅንቁት። እጁን ያዙና በደህናው ጆሮ በኩል ቀስ ብላችሁ «እዚህ ነኝ፣ ያልፋል» በሉት። ያን ቀን ጠባሴ ላይ አንዲት የማላውቃቸው እናት ነጠላቸውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርገው እስኪያልፍ አጠገቤ ተቀመጡ። ምንም አልጠየቁኝም። እስከዛሬ ከወሰድኩት መድኃኒት ሁሉ ያን ያህል ያረጋጋኝ የለም።

ማዞሩ ከ12 ሰዓት በላይ ካለፈ ወይም ውሃ ጨርሶ ሆድ ውስጥ አልቆይ ካለ ወደ ጤና ተቋም ሂዱ።

5. ቤቱንና መንገዱን አስቀድማችሁ አመቻቹ

ሰው ሚዛኑን የሚጠብቀው በሦስት ነገር ነው። በዓይን፣ በእግር መዳፍና በውስጠኛው ጆሮ። የኛ ሦስተኛው ተበላሽቷል። ስለዚህ ሁለቱን እንዳናጣ መጠንቀቅ አለብን። ጨለማ ዓይንን ይነጥቀናል። ጭቃና ድንጋያማ መንገድ እግርን ይነጥቀናል። ሁለቱ ሲገናኙ መውደቅ ነው። የሰሜን ሸዋ ክረምት ደግሞ ሁለቱንም አብሮ ያመጣል። ጣርማ በርና አንኮበር ላይ ጭጋጉ ሲወርድ ሰማይና ምድር አይለይም። በማዞር ወቅት ብቻ ሳይሆን በደህናው ቀንም በጭጋግ ውስጥ እንደሰከረ እወላገዳለሁ።

ስለዚህ ባትሪ ትራስ ስር ይደር። መጸዳጃ ቤቱ ውጭ ከሆነ ማታ በኮዳ ወይም በባልዲ መጠቀም ነውር የለውም። በር ላይ ያለው ደረጃ ወይም ድንጋይ የማይነቃነቅ ይሁን። ከአልጋ እስከ በር መሃል በርጩማ አይቀመጥ። ዱላ ያዙ፣ አገራችን ዱላ ለያዘ ሰው ጥያቄ አይጠይቅም፣ ይህ ጥሩ ዕድል ነው።

ምድጃ የብቻው ጉዳይ ነው። እናቶች ሆይ፣ እባካችሁ፣ ጆሮ ሲደፈን ወይም ጩኸቱ ሲበረታ ምጣድ አትጣዱ። የፈላ ወጥ አታውርዱ። ያን ቀን ሌላ ሰው ይጋግር። ጆሮው ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ይናገራል፣ ስሙት።

ገበሬዎች ደግሞ ከገደል አፋፍ ያለውን ማሳ ለወንድም ወይም ለልጅ ስጡና ሜዳውን እናንተ እረሱ። መንዝን የሚያውቅ ለምን እንዲህ እንደምል ይገባዋል። ክምር ላይ፣ ጣሪያ ላይ፣ ዛፍ ላይ አትውጡ። ወንዝ በክረምት ብቻችሁን አትሻገሩ፣ ውሃ ውስጥ ማዞር ከጀመረ ላይና ታች አይታወቅም። ማዞሩ እየተመላለሰ ባለበት ጊዜ መኪናና ሞተር አትንዱ።

ከታማሚዎች ጥቂቱን የሚገጥም አንድ ዓይነት መውደቅ አለ። ምንም ሳይቀድመው፣ ሰው እንደገፋው ያህል መሬት ላይ ይዘረጋሉ። ራስ አይስቱም፣ ወዲያው ይነሳሉ። አንዴ እንኳ ከደረሰባችሁ ለሐኪም ቶሎ ንገሩ፣ በቅሎና ፈረስም ይቅርባችሁ።

ጸበል የምትሄዱ፣ ሸንኮራ ዮሐንስም ይሁን ጻድቃኔ ማርያም፣ ሂዱ። ግን ሰው አስከትሉ። ጸበሉ ሲወርድባችሁ ዓይናችሁን ትጨፍናላችሁ፣ ድንጋዩም ያንሸራትታል። ቁጭ ብላችሁ ተጠመቁ። የጆሮ ታምቡር ቀዳዳ ያለባችሁ ውሃ እንዳይገባ ጠብቁ። መድኃኒታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ አታቋርጡ።

6. ጨው፣ ቡና፣ ጾም

ጨው መቀነስ ለሁሉም ሰው እኩል ይሠራል ብዬ አልዋሻችሁም። ለኔ ግን ደብተሬ ይመሰክራል። ሐኪሞችም ከሁሉ በፊት የሚመክሩት እሱን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለማንኛውም አዋቂ ሰው በቀን ከ5 ግራም በታች ይላል፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ በርበሬው፣ ሚጥሚጣው፣ ቋንጣውና ዳቦው ሁሉ ይቆጠራል። እኛ ቤት በርበሬ ሲደለዝ ጨው ይገባበት ነበር። አሁን አይገባም፣ የፈለገ ሰው ሳህኑ ላይ ይጨምራል። ወጡ ጣዕም እንዳያጣ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማና በሶብላ በዛ ይደረጋል። ሎሚ ደግሞ የጨውን ቦታ ይሸፍናል። የምትጠቀሙባት ትንሽ ጨው አዮዲን ያላት ትሁን፣ በደጋችን እንቅርት አለና።

ግብዣ ላይ «ትንሽ ብላልኝ» ሲበዛ ይቸግራል። እኔ «ሐኪም ከልክሎኛል» እላለሁ፣ ይከበራል።

ቡናን በአንድ ቀን አትቁረጡ፣ ራስ ምታት ያመጣል። ከአቦሉ ይልቅ በረካውን ጠጡ፣ ከዚያ ስኒውን ቀንሱ። አረቄና ጠጅ ግን በቀጥታ ሚዛንን ይነካሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሰበብ ይሆናል፣ እሱን በርኖስ ይሸፍነው።

በጾም ጊዜ ቀኑን ሙሉ ሳይጠጡ ውለው ማታ ጨው የበዛበት ሽሮ በአንድ ጊዜ መብላት ለዚህ ጆሮ መጥፎ ነው። ምግቡም ውሃውም ቀኑን ሙሉ እኩል ቢከፋፈል ይሻላል። ለንስሐ አባታችሁ በሽታውን አስረዱ። የኔ አባት መድኃኒቴንና ውሃዬን በሰዓቱ እንድወስድ ነው የነገሩኝ።

7. መድኃኒት

የማዞር ማስታገሻዎቹ፣ እንደ ፕሮሜታዚን፣ ሜክሊዚንና ዲያዜፓም ያሉት፣ ለማዞሩ ሰዓት ብቻ ናቸው። በየቀኑ ለወራት ከተዋጡ አንጎል ጉድለቱን መላመድ ያቅተዋል፣ ሰውም ደንዝዞ ይውላል። ውሃ በሽንት የሚያስወጡ፣ እንደ ሀይድሮክሎሮታያዛይድ ያሉ ክኒኖች ይታዘዛሉ፣ እነሱን ስትወስዱ የደም ግፊታችሁና በደማችሁ ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባለው ማዕድን ይታይ። ማዞሩ ቶሎ ቶሎ እንዳይመጣ ተብሎ የሚሰጠው ቤታሂስቲን የሚባል ክኒንም በብዛት ይታዘዛል። ጥቅሙ በጥናት እርግጠኛ አልሆነም፣ አንዳንዱ ሰው ግን ተሻለኝ ይላል። ይህ ሁሉ ካልሠራ በታምቡር በኩል ስቴሮይድ ወይም ጄንታማይሲን ይወጋል። ጄንታማይሲን የታመመውን ጆሮ የሚዛን ክፍል ሆን ብሎ ጸጥ የሚያደርግ ነው፣ መስማትንም ሊወስድ ይችላል። ስለዚህ በልዩ ሐኪም እጅ ብቻ። ከዚያም በላይ ቀዶ ሕክምና አለ።

ያው ጄንታማይሲን በክንድ ወይም በመቀመጫ ሲወጋ ሁለቱንም ጆሮ ሊጎዳ ይችላል። ለሌላ በሽታ መርፌ ሲታዘዝላችሁ «የጆሮ በሽታ አለብኝ» ማለትን ልማድ አድርጉ። ከመድኃኒት ቤት በግምት የተገዛ መርፌ አትወጉ።

ጆሮ ውስጥ የጤና አዳም ጭማቂ፣ ዘይት፣ ቅቤ አታንጠባጥቡ። የታመመው ክፍል አጥንት ውስጥ ነው፣ ጠብታ አይደርስበትም። የሚተርፈው የታምቡር ቁስል ነው።

8. ሚዛንን ማለማመድ

ይሄ የሚሠራው በማዞሩ መሃል ሳይሆን ከማዞር እስከ ማዞር ባሉት ደህና ቀናት ነው። አውራ ጣታችሁን ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ፊት ለፊት ያዙ። ዓይናችሁ ጥፍሩ ላይ ይተከል። ጭንቅላታችሁን ብቻ ግራና ቀኝ አዙሩ፣ ለአንድ ደቂቃ። በቀን ሦስቴ። ትንሽ ማጥወልወሉ ይጠበቃል፣ አንጎል እየተማረ ነው። ከዚያ የግድግዳ ማዕዘን ውስጥ እግር ገጥማችሁ ቁሙ። ሲለመድ ሣር ላይ ተራመዱ፣ አጠገባችሁ ሰው ይኑር።

9. በአንድ ጆሮ መኖር

አንድ ጆሮ ሲደክም የሚጠፋው ድምፅ ብቻ አይደለም፣ አቅጣጫም ነው። ባጃጅ ሲጮህ ከየት እንደመጣ አይታወቅም። ጋሪም እንደዚያው። መንገድ ስትሻገሩ በዓይናችሁ ሁለቴ ተመልከቱ፣ ጆሮን አትመኑ።

ቦታ መምረጥን ተማሩ። ዕድር ስብሰባ ላይ የታመመውን ጆሮ ወደ ግድግዳ አድርጌ እቀመጣለሁ፣ ደህናው ወደ ሰው ይሆናል። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ ግን ምንም አይሠራም፣ ቁም ነገሩን ዝናቡ እስኪያባራ አቆዩት። ሰዎች እንዲጮሁላችሁ አትጠይቁ። በዚህ በሽታ ጩኸት ጆሮውን ይወጋል እንጂ ቃሉን አያጠራም። «ፊትህን አዙርልኝ፣ ቀስ በል» በሉ። ያልሰማችሁትን እንደሰማ ሰው አትሳቁ። እኔ ሃዘን ቤት ውስጥ ያልሰማሁትን ነገር ስቄበት የደረሰብኝን ሃፍረት አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ «ግራ ጆሮዬ አይሰማም» ማለት አያስፈራኝም።

ማዳመጫ መሣሪያ የሚረዳው ሰው ብዙ ነው። ግን የመስማት ልኬት ተሠርቶ የተስተካከለ ይሁን። በየመንገዱ የሚሸጠው ሁሉንም ድምፅ አብሮ ያጎላል። የሜኒየር መስማት ስለሚዋዥቅ በየጊዜው ማስተካከል ይፈልጋል። ሁለቱም ጆሮ በጣም ከደከመ ምልክት ቋንቋን ቤተሰቡ አብሮ ይጀምር፣ መስማቱ ጨርሶ እስኪጠፋ አትጠብቁ።

ማታ ጩኸቱ እንቅልፍ ሲነሳኝ ሬዲዮ በትንሹ ከፍቼ እተኛለሁ። ጸጥታ ውስጥ ወፍጮው ይበረታል። ሬዲዮው ቀኝ ትራስ በኩል ነው የሚቀመጠው። ባለቤቴም በዚያው በቀኝ ትተኛለች። ሌሊት ከጀመረኝ ክንዷን ሁለት ጊዜ እመታታለሁ፣ ባትሪውን አብርታ ጣሪያው ላይ አንድ ቦታ ታሳየኛለች፣ እሱን እያየሁ እንጠብቃለን።